«ቢዮንድ ጉድ ኤንድ ኢቭል» የምርመራ ጋዜጠኝነትን በትክክል ያሳያል?

ጠያቂ፦ የሜሪላንዷ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። የ15 ዓመት ልጄ ጋዜጠኛ የመሆን ፍላጎት አድሮበት ለትምህርት ቤቱ ጋዜጣ መጻፍ ጀምሯል። ሰሞኑን ደግሞ ዩቢሶፍት በ2003 እ.ኤ.አ. ያወጣውንና በ2024 አድሶ ያቀረበውን «ቢዮንድ ጉድ ኤንድ ኢቭል» የተባለ የቪዲዮ ጌም እንድገዛለት ጠይቆኛል። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ተደብቃ እየገባች የመንግሥትን ገመና የምታጋልጥ ፎቶ ጋዜጠኛ መሆኗን ነግሮኛል። ጌሙን የምታውቁት ካላችሁ፣ ስለ ሙያው እውነተኛ ነገር የሚያስተምር ነው ወይስ ጋዜጠኝነቱ የድብድቡ መሸፈኛ ብቻ ነው?

የማታ ተጫዋች

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ይህን ጌም መጀመሪያ የተጫወትኩት በፕሌይስቴሽን 2 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ጨርሼዋለሁ። ታሪኩ በ2435 ሂሊስ በምትባል ፕላኔት ላይ የሚካሄድ ነው። ጄድ የተባለችው ወጣት፣ አጎቴ ከምትለው ፔይጅ ከሚባል አሳማ መሰል ፍጡር ጋር ሆና፣ በአንድ የባሕር መብራት ማማ ውስጥ ወላጅ አልባ ሕፃናትን ታሳድጋለች። ዶምዝ የተባሉ ወራሪዎች ፕላኔቷን ይደበድባሉ፤ አልፋ ሴክሽን የተባለው ጦር ደግሞ ሕዝቡን እጠብቃለሁ ይላል፤ ሰዎች ግን ደብዛቸው እየጠፋ ነው።

ከሁሉ በላይ የማረከኝ አጀማመሩ ነው። ጄድ በወረራው መካከል ማማውን የሚከላከለውን ጋሻ ለመክፈት ስትሞክር የኃይል ሒሳቧ ባለመከፈሉ ተቋርጦ ታገኘዋለች፤ ስለዚህ ገንዘብ ለማግኘት በፕላኔቷ ያሉትን እንስሳት እየዞረች ለሳይንስ ሙዚየም ፎቶ ማንሣት ትጀምራለች። ጦሩን የሚቃወመው አይሪስ የተባለ የኅቡዕ መረብ የሚያገኛት ከዚህ ተነሥቶ ነው። ስለ ጋዜጠኛ የተሠሩ ታሪኮች የቤት ኪራይና የመብራት ሒሳብ ያለበት ሰው መሆኑን ብዙ ጊዜ ይዘሉታል፤ ይህኛው አልዘለለውም።

ድብድብ አለበት፣ ነገር ግን የጌሙ ልብ በፋብሪካውና በቄራው ውስጥ ተደብቆ መዘዋወሩ ነው። ከሣጥን ጀርባ ጎንበስ ብለው የዘቡን እርምጃ ይቆጥራሉ። ዘቦቹ ጀርባቸው ላይ የአየር ሲሊንደር ስለተሸከሙ፣ ሲሊንደሩን በዲስክ ቢመቱት አየሩ እየፈሰሰ ዘቡ ይንገዳገዳል፤ ባልደረባው ሊጠግንለት ቦታውን ለቆ ሲመጣ መንገዱ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ካሜራውን አውጥተው ተፈላጊውን ነገር በደንብ ማንሣት ይኖርብዎታል፤ ዒላማው በግልጽ ካልታየ ማስረጃ ሆኖ አይቆጠርም።

የቀድሞ አዘጋጅ

በጌሙ ውበት እስማማለሁ፤ ልጄም ስትጫወተው አጠገቧ ተቀምጬ አይቻለሁ። በሙያ በኩል ግን አንድ ከባድ ነገር ይጎድለዋል፤ እሱም ማጣራት ነው። ጄድ ፎቶውን ታነሣለች፣ ትልካለች፣ ሕዝቡም ያምናል። ፎቶው መቼ ተነሣ፣ ሌላ ምን ያረጋግጠዋል፣ የተከሰሰው ወገንስ ምን ይላል ብሎ የሚጠይቅ አዘጋጅ በመካከል የለም።

ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ስሠራ፣ በአንድ መጋዘን ውስጥ ተደርድረው የተከማቹ የእህል ከረጢቶችን የሚያሳይ ፎቶ ደረሰን፤ በከረጢቶቹ ላይ ያለው ማኅተም እንኳ ይነበብ ነበር። እህሉ ለሕዝብ ሳይከፋፈል ቀረ ብለን አተምነው። በኋላ ፎቶው ከሁለት ዓመት በፊት የተነሣና እህሉም በጊዜው የተከፋፈለ መሆኑ ታወቀ። ፎቶው አልዋሸም፤ ቀኑን ያልጠየቅነው እኛ ነን። ማረሚያውን በገዛ እጄ ጻፍኩት፤ ስማቸው የተነሣው ሰውዬ ግን ለወራት አንገታቸውን ደፍተው ኖረዋል።

በተጨማሪም አይሪስ የዜና ተቋም ሳይሆን የተቃውሞ ንቅናቄ ነው። ጄድ ዘጋቢም ታጋይም ሆና መሥራቷን ጌሙ እንደ ችግር አያየውም፤ ልጁ ግን ልዩነቱን ማወቅ አለበት።

የማታ ተጫዋች

ወንድሜ፣ ስለ ማጣራቱ ያሉት ትክክል ነው፤ ከዚህ ቀደም በዚህ መልኩ አስቤው አላውቅም። በሁለተኛው ነጥብ ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ በሂሊስ ይፋዊው ዜና የጦሩ ልሳን ሆኖ ሳለ፣ ጄድ ፎቶዋን ይዛ የምትሄድበት ሌላ ደጅ አልነበራትም። ሥራዋ ወገንተኛ የሚመስለው ገለልተኛ ቦታ ስላልተተወላት ነው።

የሜሪላንዷ እናት

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ጌሙን እገዛለታለሁ፤ ነገር ግን በጌሙ ውስጥ ለሚያነሣው ለእያንዳንዱ የማስረጃ ፎቶ መግለጫ በደብተር እንዲጽፍ አደርጋለሁ፦ የት፣ መቼ፣ ምን ያሳያል፣ ምንስ አያሳይም።

የማታ ተጫዋች

እጅግ ጥሩ ሐሳብ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፦ የጄድ ሪፖርት በወጣ ቁጥር ወደ ከተማዋ ተመልሶ በእግረኞች ሰፈር እንዲዘዋወር ይንገሩት። ቀድሞ ዝም ብለው ያልፉ የነበሩት ሰዎች ቀስ በቀስ ለተቃውሞ ሲወጡ ያያል፤ ወደሚቀጥለው ተልእኮ የሚቸኩል ተጫዋች ግን ይህን ሳያየው ያልፋል።