«አሁንማ ሙዚቃ የለም» የሚሉ፣ እስቲ ወዲህ በሉ

ጠያቂው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ሚኒባስ ውስጥ ሹፌሩ ጥላሁንን ከፍቶ «ከነሱ በኋላ ሙዚቃ አልቋል» አለ። ተሳፋሪው ሁሉ እውነት ነው አለ። እኔ ብቻዬን ተናድጄ ወረድኩ። ከአሁኖቹ መሃል ሙሉ አልበሙ ቁጭ ተብሎ የሚደመጥለት ሰው አለ ባይ ነኝ። አሁኖቹ የምለው ካለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት ወዲህ የሠሩትን ነው። አለ የሚል ስም ይጥራ። የለም የሚልም ምክንያቱን ያምጣ። አንድ ነጠላ ዘፈን ግን አይቆጠርም። ዓመት ስትጠቅሱ በፈረንጆቹ አድርጉት፣ እንዳንምታታ።

ካሴት ሻጩ ጋሼ፦ እኔ የለም ባይ ነኝ። ዕድሜዬን መርካቶ ካሴት ስሸጥ ኖሬያለሁ። ያኔ ከዘፋኙ ጀርባ ባንድ ነበር። ዋልያስ ነበር፣ አይቤክስ ነበር፣ ሮሃ ነበር። ከበሮውን የሚመታው ሰው፣ ትራምፔቱን የሚነፋው ሰው። ዛሬ አንድ ልጅ ላፕቶፕ ይከፍታል፣ ድምፁን በማሽን ያቃናል፣ ዩቲዩብ ላይ ይለቀዋል። ሚሊዮን ሰው አየው ይባላል። በወሩ ማን ያንጎራጉረዋል? አንድ ዘፈን ከለቅሶ እስከ ሠርግ አብሮህ ካልኖረ ምኑን ዘፈን ሆነ?

ኪቦርድ ተጫዋቹ፦ ጋሼ፣ በአክብሮት ነው የምከራከርዎት። ማሽኑን አይውቀሱብኝ። ዋልያስን ከጠሩ የባንዱን ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያን ያውቁታል። እሱ በ1985 ዋሽንግተን ስቱዲዮ ሲገባ ባንድ አልነበረውም። አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዱንና የምት ማሽኑን ይዞ ብቻውን ቀዳ። ከዚያም ስንት ዓመት እዚያው ከተማ ታክሲ ነዳ። ያ ካሴት በ2013 በሌላ አሳታሚ እንደገና ሲወጣ ዓለም ጉድ አለ። በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጣ። በማሽን ተሠራ ተብሎ የሚጣል ቢሆን ኖሮ እሱም በቀረ ነበር።

የኔ ጥሪ ሁለት ነው። አንደኛው ሮፍናን። የ2018ቱን «ነጸብራቅ» ከዳር እስከ ዳር ስሙት። ጭፈራ ብቻ መስሏችሁ ያለፋችሁት ካላችሁ፣ አንዴ በጆሮ ማዳመጫ ሞክሩት። ሁለተኛው ፒያኒስቱ ሳሙኤል ይርጋ ነው። «ጉዞ» በ2012 ወጣ። ባንድ ያለበትም፣ ፒያኖው ብቻውን የሚያወራበትም አለው። ጋሼ፣ ይኼኛው የሰው ጣት ነው።

ከሪያድ፦ እኔ የምሰማው ሥራ ላይ ሆኜ ነው፣ አንድ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ። ስለዚህ ለኔ ቀዳሚው ግጥም ነው። የቤቲ ጂን «ወገግታ» ስንቴ እንደሰማሁት አላውቅም። ዘሪቱ ከበደም አለች። የ2005ቱ የመጀመሪያ አልበሟ ዛሬም አልደበዘዘም። ጋሼ «አብሮህ ካልኖረ» አሉ። እኔ ጋር ኖሯል። አገሬ ስሄድም ስመለስም አብሮኝ ነበር።

ጠያቂው፦ እህቴ ዘሪቱን ስትጠራ አንድ ነገር ልጨምር። የዘፋኙን ስም ብቻ አይተን አንለፍ። ያ አልበም፣ የእዮብ መኮንን «እንደ ቃል»፣ የሚካያ በኃይሉ «ሸማመተው»፣ ከሦስቱም ጀርባ ኤልያስ መልካ አለ። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሴሎ የተማረ ሰው ነው። ቅንብሩን ልብ ብላችሁ ስሙ። ዘፋኙ ትንፋሽ የሚወስድበትን ቦታ ሁሉ ይተውለታል። እዮብም ሚካያም በ2013 ሄዱብን፣ ኤልያስም በ2019 ተከተላቸው። «አሁን የለም» የምንለው ያሉንን በደንብ ሳናደምጥ ስላጣናቸው ይመስለኛል። ይኼ በጣም ያንገበግበኛል።

ማሲንቆ ወዳዱ፦ ባንድ የለም ከተባለ «ቋንቋ» የሚባለውን ምን ልታደርጉት ነው? ማሲንቆው እንድሪስ ሐሰን ነው፣ ድምፁ ሰላምነሽ ዘመነ። ከበሮ አለ፣ የቤዝ ክራር አለ፣ ቫዮሊን አለ። ማሲንቆው እንደ ኤሌክትሪክ ጊታር ሲጮህ መጀመሪያ ትደነግጣላችሁ። ከዚያ ወዲያ መነሳት ያቅታችኋል። ውጭ አገር ተጫውተው ሰው በእግሩ ቆሞ ያጨበጭብላቸዋል። እዚህ ስማቸውን የሚያውቅ ስንቱ ነው?

ከነታንያ፣ እስራኤል፦ ከኛ ዘንድም አንድ ልበል። ጊሊ ያሎ በ2017 አልበም አውጥቷል። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ይዘፍናል፣ የድሮው የአዲስ አበባ ነፋስ መሣሪያ ድምፅ በፈንክ ላይ ተቀምጦ ይሰማል። እዚህ የተወለዱት ልጆቼ እኔ ባወራቸው አማርኛ አይመልሱልኝም። የሱን ዘፈን ግን በአማርኛ ይዘፍኑታል። አስቴር ራዳንም ስሟት።

ካሴት ሻጩ ጋሼ፦ ስሞቹን ጽፌያለሁ። ግን አንድ ጥያቄ አልተመለሰልኝም። ባንዱ የት ሄደ? ዋልያስ ሂልተን ይጫወት ነበር። አይቤክስ ራስ ሆቴል። በሰዓት እላፊው ጊዜ እንኳ ሰው ማታ ከገባ እስኪነጋ አይወጣም፣ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። አንድ ዘፈን መቶ ሌሊት ተጫውተውት ነው ካሴት ላይ የሚያሰፍሩት። የዛሬው ልጅ መቶ ሌሊት የት ያገኛል?

ኪቦርድ ተጫዋቹ፦ አሁን ልቤን አገኙት ጋሼ። የማልክደው ይኼን ነው። እኔ አንድ ሆቴል ስጀምር አምስት ነበርን። ወጪ በዛ ተባለና ሦስት ሆንን። አሁን እኔና ማሽኔ ቀርተናል። ማሽኑን ወድጄ አይደለም የያዝኩት። ጣይቱ ሆቴል የነበረው የጃዝ ቤት ጃዛምባ በ2015 በእሳት ተበላ። ካዛንቺስ የነበረው የመላኩ በላይ አዝማሪ ቤት ፈንድቃም በ2024 ፈረሰ። እኔ እንድሪስን መጀመሪያ የሰማሁት በእንደዚያ ያለ ጠባብ ቤት፣ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን ነው። ልጆቹ ችሎታ አላነሳቸውም። ያነሳቸው መለማመጃ ሌሊት ነው።

ከሪያድ፦ ክፍያውስ? ኤልያስ ከነኃይሌ ሩትስና ጆኒ ራጋ ጋር አውታር የሚባለውን የዘፈን መሸጫ መተግበሪያ ያቋቋመው እኮ ሰው ዘፈን ገዝቶ እንዲሰማ ብሎ ነው። እኛ ቴሌግራም ላይ በነፃ እንላላካለን፣ ከዚያ «ባንድ ጠፋ» እንላለን። እኔም አድርጌዋለሁ፣ ከዛሬ ወዲያ ግን አላደርገውም።

ጠያቂው፦ ጋሼ፣ «ጉዞ»ን ገዝቼ በፍላሽ ላድርስልዎት? መርካቶ በየት በኩል ነዎት?

ካሴት ሻጩ ጋሼ፦ አትልፋ ልጄ፣ የልጅ ልጄ ገዝታልኝ ማታ ከፈተችልኝ። የባቲ ቅኝቱ ላይ ስደርስ ድገሚው አልኳት። ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ፒያኖ ላይ ባቲ እንዲህ ሲሆን አላውቅም ነበር። ድምፅን በማሽን የማቃናቱን ነገር ግን አሁንም አልቀበልም፣ እዚያ ላይ አንታረቅም። ሮፍናንን ነገ እሰማዋለሁ። እሱንም ከዳር እስከ ዳር፣ እንዳላችሁት።