«ጩኸት በረከተ» ሲል በዛ ማለት ብቻ ነው?

ተማሪዋ፦ ሰላም ለቤቱ። 11ኛ ክፍል ነኝ። አማርኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ለአፄ ቴዎድሮስ የተገጠመውን ሙሾ እያየን ነው።

መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

መምህራችን «በረከተ ለክፉ ነገር አይነገርም፣ እዚህ የገባው ለምጸት ነው» አሉን። እጄን አውጥቼ «በዛ ማለት ብቻ አይደለም ወይ?» ስል «ግጥም እንደ ጋዜጣ አይነበብም» ተባልኩ፣ ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። እውነት ምጸት አለው? ሐሙስ ፈተና አለን።

የቆሎ ተማሪ፦ ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ግሱ የግእዙ ባረከ ነው። ዘፍጥረት ላይ «ወባረኮሙ» ይልና ወዲያው «ብዝኁ ወተባዝኁ» ይላል። ምርቃትና መብዛት ድሮም አይለያዩም። ምጸቱ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ እስቲ ጩኸት ሲመረቅ አስቢው።

የሸገር ልጅ፦ ጋሼ፣ ታዲያ ዜና ላይ «የመኪና አደጋ ተበራከተ» ሲሉ አደጋውን ማን ባርኮት ነው?

የቆሎ ተማሪ፦ ተበራከተ ሌላ፣ በረከተ ሌላ። መጀመሪያ የግሱን እርባታ ለይ።

ጓዳ፦ እኔ ቅኔ ቤት አልዋልኩም። ግን ጫማ ስገዛ «ይበረክታል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ገንዘብ ደግሞ እጄ ላይ አይበረክትም። እዚህ ላይ ቃሉ መቆየት እንጂ መብዛት አይደለም። ታዲያ ጩኸቱ አላባራ አለ፣ ዋለ አደረ ማለት ለምን አይሆንም? ለቅሶ ቤት የዋለ ሰው ያውቀዋል።

አብራክ፦ ሁላችሁም ጉልበትን ረሳችሁ! ብርክ በግእዝ ጉልበት ነው፣ ሲበዛ አብራክ። «የአብራኬ ክፋይ» እንላለን፣ «ብርክ ያዘው» እንላለን፣ ተንበረከከም ከዚያው ነው። ከጉልበት ልጅ፣ ከልጅ መብዛት፣ ከመብዛት በረከት። ስለዚህ የተደበቀው ኅብረ ቃል «ተንበረከከ» ነው። አምባው ተንበረከከ፣ ንጉሡ ግን እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። ወርቁ ይኸው!

የሸገር ልጅ፦ እኔንም ብርክ ያዘኝ።

የቆሎ ተማሪ፦ ኅብር የሚባለው ያው አንዱ ቃል ሳይነካ ሁለት ሲፈታ ነው። በረከተን የፈለግከውን ያህል ብትጠመዝዘው ተንበረከከ አይወጣውም። ዋሸራ ቅኔ ቤት እንዲህ ብለህ ቅኔ ብትዘርፍ ምን እንደሚገጥምህ ታየው ነበር።

አብራክ፦ ዋሸራ ስንት ዓመት ተቀመጡ፣ የኔታ?

የቆሎ ተማሪ፦ አጎቴ ተቀምጧል።

ቤት መቺ፦ ኧረ ወገን፣ ቤት እንዲመታ ነው! ታች «ሞተ» ስላለ ላይ በ«ተ» የሚያልቅ ግስ ያስፈልጋል። «ጩኸት በዛ» ብትል ቤቱም አይመታ፣ ቀለሙም ይጎድላል። የወል ቤት የሚባለው ምጣኔ ነው፣ በየሐረጉ ስድስት ስድስት ቀለም። አልቃሿ ለዘፍጥረት ጊዜ አልነበራትም።

ጓዳ፦ አልቃሽን አትናቅ። በ«ተ» የሚያልቅ ግስ ሞልቶ ለምን ይሄኛውን መረጠች?

አብራክ፦ እሱን ጠይቂልኝ! ንጉሡ የሞቱበት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እኮ የፋሲካ ማግስት ነበር። ራሳቸውን ያጠፉበት ሽጉጥ ደግሞ ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ የመጣ። አበረከተች፣ ገፀ በረከት፣ በረከተ! ይሄ ሁሉ እንዲያው ገጠመ?

የሸገር ልጅ፦ ይሄኛው እንኳ ትንሽ ይጥማል። ማመን አልፈልግም፣ ግን ይጥማል።

ተማሪዋ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ግን ፈተናው ላይ ምን ልጻፍ? «የሴቱን አናውቅም» የሚለውንም መምህራችን ስድብ ነው ብለዋል።

የቆሎ ተማሪ፦ ስድብ አይደለም! «ሴት ሞታ እንደሆነ አልሰማንም» ነው፣ በቃ።

ጓዳ፦ ስድብማ ነው፣ ለወንዶቹ። ወንድ የሞተው አንድ ከሆነ የቀሩት ምን ሊባሉ ነው?

ቤት መቺ፦ እና የንጉሡ የጦር አዛዥ ፊታውራሪ ገብርዬ? ስቅለት ዕለት አሮጌ ጦርነት ላይ የወደቀው ወንድ አይደለም?

ጓዳ፦ ግጥሙ እኮ «መቅደላ አፋፉ ላይ» ብሏል። አሮጌ ታች ሜዳው ነው።

ቤት መቺ፦ ስለዚህ ወንድነት በከፍታ ይለካል ማለት ነው?

አብራክ፦ ቆይ፣ «ወንድ» የሚለው ቃል ሥሩ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ?

የሸገር ልጅ፦ አትንገረን።