ዶክ ስሰካ ላፕቶፔ ዋት ይበላል፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ
ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ሆኜ የሕንፃ ንድፍ እሠራለሁ። ላፕቶፔ ከፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ሌላ የኢንቪዲያ ግራፊክስ ካርድ አለው። ሁለት ሞኒተር በዶክ (ብዙ ዕቃ በአንድ ገመድ ከላፕቶፕ ጋር በሚያገናኝ ሣጥን) ሳገናኝ ምንም ፕሮግራም ሳልከፍት ፋኑ ይጮኻል። መብራት ሲጠፋ ሁሉም በኢንቨርተር ስለሚሠራ እያንዳንዷ ዋት ታሳስበኛለች። እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ።

መልስ 1
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ዶኩን የሰካህበትን ቀዳዳ እይ። በአንዳንድ ላፕቶፖች አንዱ ዩኤስቢ-ሲ ከኢንቪዲያው፣ ሌላው ከፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ጋር ነው የተያያዘው። የኢንቪዲያው ላይ ከሰካህ ካርዱ ሥራ ባይኖረውም አይተኛም። ፋኑን የሚያስጮኸው ይሄ ይመስለኛል። የኢንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ የፊዝኤክስ ገጽ ላይ የትኛው ስክሪን ከየትኛው ጋር እንደተገናኘ በሥዕል ታገኘዋለህ።

መልስ 2
የዶኩን ዓይነትም አጣራ። ዲስፕሌይሊንክ (ምስልን በዩኤስቢ ጨምቆ የሚልክ ቴክኖሎጂ) ከሆነ ምስሉን እየጨመቀ የሚልከው ፕሮሰሰርህ ነው። ቪዲዮ ስትከፍት ጭነቱ ይብሳል። የሞኒተሩን ኸርዝም (ምስሉ በሰከንድ የሚታደስበትን ብዛት) ዝቅ አድርገው።

ጠያቂው
ዶኩ ዲስፕሌይሊንክ አይደለም። የተሰካው ግን ኢንቪዲያው ላይ ነበር! ወደ ሌላኛው ዩኤስቢ-ሲ ቀየርኩት፣ ፋኑ ጸጥ አለ። አንዱን ሞኒተር ከ144 ወደ 60 ኸርዝ አወረድኩት፤ ለንድፍ 60 ከበቂ በላይ ነው። ከባድ ሬንደር (ንድፉን ወደ ምስል የመቀየር ሥራ) ሲኖር ካርዱ ራሱ ይነሳል፣ ሲጨርስ ይተኛል። እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው የረዳችሁኝ።