ኮኩ አብቦብኛል፤ አሁን ልግረዘው ወይስ ልተወው?

ባለጓሮዋ (ቢሾፍቱ)፦
ጤና ይስጥልኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ጓሮው በእኔ እጅ ነው። ኮኩን ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልነካውም፤ ቅርንጫፎቹ ተጠላልፈው የወጥ ቤቱን ቆርቆሮ ይፍቃሉ። አምና ፍሬው ቢበዛም አብዛኛው ጠጠር ሆኖ ቀረ። ጥር 20 ቀን መጋዝ ተውሼ ብወጣ አበባው ፈክቶ፣ ንብ ሰፍሮበት አገኘሁት። እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ሌላው ጭንቀቴ ውሃ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይመጣል፤ ያለኝም አንድ ባለ 200 ሊትር በርሜል ነው። ለጎመኑ፣ ለቲማቲም ችግኙ፣ ለጌሾውና ለኮኩ እንዴት ላካፍለው? መሬቱ መረሬ ነው፤ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቶ ያጠጣሁትን ሁሉ ይውጠዋል።

የቀድሞ የእርሻ ሠራተኛ፦
ልጄ፣ የእናትሽን ነፍስ ይማር። አበባው አያስፈራሽ። ኮክ የሚያፈራው ባለፈው ዓመት ባደገ ቀንበጥ ላይ ነው፤ ካልተገረዘ ፍሬው በየዓመቱ ወደ ጫፍ እየሸሸ መሃሉ ባዶ ይቀራል። እንዲያውም አሁን የትኛው ቀንበጥ እንዳበበ በዐይንሽ እያየሽ ትቆርጫለሽ። ግን በአንድ ቀን አታራቁቺው፤ ዘንድሮ ከሲሶው አትለፊ። መጀመሪያ የደረቀውን፣ ቀጥሎ እርስ በርሱ የሚፋተገውን፣ ከዚያ ወደ ውስጥ የሚያድገውን አውጪ። ጥላ ለምዶ የኖረውን ቅርፊት የበጋ ፀሐይ ይጠብሰዋልና ኖራ በጥብጠሽ ቀቢው።

ፍሬው ጠጠር የሆነው ስለተጨናነቀ ይመስለኛል። የአውራ ጣት ጥፍር ሲያክል በመካከሉ አንድ ስንዝር እየተውሽ አሳሺው። እጅ ይሳሳል፤ ቢሆንም አድርጊው።

ለስንጥቁ፣ ከማጠጣትሽ በፊት ሁለት ሦስት ጣት ያህል ኮትኩቺ፤ ደቃቁ አፈር ይሞላዋል። በላዩ የጤፍ ጭድ ጎዝጉዢ፤ ምስጥ እንዳይደርስበት ግን ከግንዱ አንድ ስንዝር አርቂው። ኮኩ በሳምንት አንድ ቀን አራት ጀሪካን ይበቃዋል፤ ውሃውን ግንዱ ሥር ሳይሆን ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ትይዩ አፍስሺ። ሥር የሰደደ ጌሾ ተራውን ይጠብቃል። ችግኝ ግን አይጠብቅም፤ በየማለዳው ጥቂት ጥቂት ስጪው።

ከደብረ ብርሃን፦
ይህ ምክር ለቢሾፍቱ ነው። እኛ ዘንድ ሌሊት ገና ውርጭ አለ፤ ቀድሞ የተገረዘ ዛፍ የሚያወጣውን ለጋ ቅጠል ያቃጥለዋል። የእኔን የካቲት እስኪጋመስ አልነካውም።

የኮተቤዋ፦
እኅቴ፣ ጎመንና ድንች ያጠብሽበትን ውሃ አትድፊው፤ ለኮኩ ይሆናል። በረኪና የነካውን ግን ከተክል አርቂ። የጎመንሽንም ቅጠል ገልብጠሽ እዪ፤ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ በዚህ ድርቀት ይወደዋል። ጥቂት ሳሙና በውሃ አሟሙተሽ ማለዳ ከሥር በኩል እጠቢው።

ባለጓሮዋ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ሲሶውን ገረዝሁ፤ ኖራውንም ቀባሁ። ቅርንጫፉ ሲነሳ እናቴ ለልብስ ማስጫ ያሰረችው ሽቦ ታየ፤ ግንዱ ግማሹን ውጦታል። ውጭ ያለውን በጉጠት ቆርጬ አላላሁት። ውስጥ የቀረውን ልንቀለው?

የቀድሞ የእርሻ ሠራተኛ፦
ተይው ልጄ። መንቀሉ ነው የሚያቆስለው፤ ዛፉ በላዩ ቅርፊት ያበጅበታል። ልብሱን ግን ሌላ ቦታ አስጪ።