ለቆሻሻ መጣያው ፍሳሽ ማጣሪያ እንደገና የአካባቢ ይሁንታ ያስፈልጋል?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው በአንድ የክልል ከተማ ማዘጋጃ ቤት ነው። መጣያችን የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ተሠርቶለት ይሁንታ ያገኘው ድሮ ሲከፈት ነው። ከሥሩ የሚወጣውን ጥቁር ፍሳሽ የሚይዘው ግን አንድ ጉድጓድ ብቻ ነው፤ ክረምት ላይ ሞልቶ ከብት ወደሚጠጣበት ወንዝ ይወርዳል። አሁን ለማጣሪያ በጀት ተፈቅዷል። አለቆቼ "የድሮው ይሁንታ ይበቃል፣ ብክለት ለሚቀንስ ነገር ደግሞ ምን ፈቃድ ያስፈልጋል" ይላሉ። እኔ አልዋጠልኝም። የሠራችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ።

ገምጋሚ የነበረ፦ ልክ ነህ ወንድሜ። ማጣሪያው የተጣራውን ውኃ የሆነ ቦታ ይለቃል፣ ዝቃጭም ይተርፈዋል። ሁለቱ በድሮው ሰነድ ካልተጠኑ ይሁንታው አይሸፍናቸውም። በአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ 299/1995 መሠረት ጥናቱ ከቀረበ በኋላ ያልታሰበ ከባድ ነገር ሲመጣ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ ግምገማው እንደገና እንዲሠራ ማዘዝ ይችላል። ስለዚህ ቁፋሮ ሳትጀምሩ በደብዳቤ ጠይቁ፣ ሙሉ ጥናት ይሁን ማሻሻያ እነሱ ይወስኑ። ወንዙ ወደ ሌላ ክልል የሚሻገር ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ወደ ፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ይሄዳል፣ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አለቆችህ መዘግየቱን ፈርተው ከሆነ፣ አዋጁ ለውሳኔ የሰጠው 15 የሥራ ቀን ነው። ጊዜ የሚበላው ጎደሎ ሰነድ ነው።

መሐንዲሷ፦ ኧረ የበጋ ናሙና ብቻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ! በበጋ ፍሳሹ ትንሽና ወፍራም ነው፤ በክረምት ይቀጥናል፣ መጠኑ ግን በጣም ይበዛል። ማጠራቀሚያው የሚሠራው ለክረምቱ ነው። የመጣያው ዕድሜም ወሳኝ ነው። የአዲስ ቆሻሻ ፍሳሽ በባክቴሪያ በደንብ ይብላላል፣ የቆየው ግን አሞኒያው እንዳለ ሆኖ ባክቴሪያ የሚበላው ነገር ያልቅበታል። ሜምብሬን (ውኃውን አሳልፎ ቆሻሻውን የሚያስቀር ስስ ወንፊት) ያለው ማሽን ሊሸጥላችሁ የሚመጣ ካለ ሳይጣራ የቀረው ወፍራም ፍሳሽ የት እንደሚሄድ ጠይቁት። "ወደ መጣያው እንመልሰዋለን" ካለ ጨውና አሞኒያው እዚያው እየተጠራቀመ ይመጣል። መብራት ሲጠፋስ? ሰነዱ ላይ መልስ ይኑረው። የዝናብ ጎርፉም ከላይ እንዳይገባ ቦይ አውጡለት፣ የምታጣሩት ፍሳሽ ብዙ ይቀንሳል።

የሰንዳፋ ልጅ፦ ገበሬውን ቀድማችሁ አናግሩት። ለአዲስ አበባ ቆሻሻ የተሠራው የሰንዳፋው መጣያ በ2008 ተከፍቶ በወራት ውስጥ ነው በገበሬው ተቃውሞ የቆመው፤ የውኃ ብክለትና ሽታ ከቅሬታዎቹ ውስጥ ነበሩ። ቆሻሻው ወደ አሮጌው የአዲስ አበባ መጣያ ወደ ቆሼ ተመለሰ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ደግሞ ቆሼ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። አዋጁ ራሱ ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብ ያዛል። ስብሰባውን ከተማ አዳራሽ ውስጥ አታድርጉት። ወንዙ ዳር ሂዱ፣ ከብት የሚያጠጡት ሰዎች ይናገሩ፣ የተናገሩትም እንዳለ ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ወንዙ ይሻገራል፣ ስለዚህ ደብዳቤውን ለፌዴራሉም እንጽፋለን። መሐንዲሷ፣ የክረምቱን ናሙና ሐምሌ ላይ እንውሰድ ወይስ ነሐሴ?

መሐንዲሷ፦ ሁለቱንም ወር ውሰዱ። ከጉድጓዱ ብቻ ሳይሆን ከወንዙም፣ ፍሳሹ ከሚገባበት በላይና በታች።