ማዳበሪያው የት ይታሸግ? ጅቡቲ ወይስ ሞጆ?

የለገሃሩ፦ ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ከምሳ በኋላ ለገሃር አንድ ቡና ቤት የጀመርነው ክርክር ነው። እዚያ አላለቀም፣ እዚህ አመጣሁት። ጉዳዩ ብትን ጭነት ነው። በኮንቴይነር ሳይሆን እንዳለ መርከብ ሆድ ውስጥ ተዘርግፎ የሚመጣው ስንዴ፣ ማዳበሪያ፣ የድንጋይ ከሰል ማለቴ ነው። ማዳበሪያው ጅቡቲ ሲደርስ ክሬኑ ግራብ በሚባለው መዳፉ እየዘገነ ሆፐር (ከሥሩ የሚከፈት ትልቅ ማጠራቀሚያ) ውስጥ ይጨምረዋል፣ ከሥር 50 ኪሎ 50 ኪሎ እየተሞላ ይሰፋል፣ ከዚያ መኪና ላይ ይጫናል። እኔ የምለው፦ ይሄን ከረጢት የመሙላት ሥራ ከወደቡ እናውጣው። ብትኑን በባቡር ሞጆ ደረቅ ወደብ እናምጣ፣ እዚህ እንሙላ፣ እዚህ እንስፋ። የሚቃወም ይምጣ።

(አዲስ አበቤ "ማዳበሪያ" ሲባል ትዝ የሚለው ባዶው ከረጢት እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬ የምናወራው ስለ ውስጡ ነው።)

ሒሳብ ወዳድ፦ እደግፋለሁ። ቁጥሩን እዩት። 50 ሺህ ቶን የጫነ አንድ መርከብ ማለት 500 ሺህ ኩንታል ነው። በ50 ኪሎ ሲሞላ አንድ ሚሊዮን ከረጢት። አንድ ተሳቢ 400 ኩንታል ይጭናል ካልን 1,250 መኪና። በአሥር ቀን ይራገፍ ከተባለ በየቀኑ 125 ተሳቢ ከነሹፌሩ፣ 100 ሺህ ከረጢት ከነክሩ ቆሞ መጠበቅ አለበት። አንዱ ከጎደለ ክሬኑ ይቆማል። ክሬኑ ከቆመ መርከቡ ቆመ። በውሉ የተሰጠው የማራገፊያ ቀን ሲያልፍ ደግሞ ዲመሬጅ፣ ማለትም ለመርከቡ ባለቤት የሚከፈል የመዘግየት ቅጣት፣ መቁጠር ይጀምራል፣ በዶላር። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላር የት እንደደረሰ ለናንተ አልነግርም። የወደቡም ወጪ ቢሆን ያው እንደ ዶላር ነው፣ የጅቡቲ ፍራንክ 177 ከምናምን ለአንድ ዶላር ተብሎ ከታሰረ ዘመን አለው። ሞጆ ብንሰፋው ቢያንስ የሰፊው ደሞዝ በብር ይሆናል።

ተሳቢ ነጂ፦ ማኪያቶ ይዞ ወደብ ማስተዳደር ደስ ይላል፣ አይፈረድባችሁም። እኔ የማውቀውን ልናገር። መርከብ ሲቆም ባለቤቱ ዲመሬጅ ይከፈለዋል። እኔ ስቆም ማን ይከፍለኛል? ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ በአስቸኳይ ውረዱ ተብለን ወረድን፣ ስንደርስ ከረጢት አልቋል ተባለ፣ ከረጢቱ ሲመጣ መሙያ ማሽኑ ተበላሸ፣ ማሽኑ ሲሠራ ወረፋችን ለሌላ ተሰጥቶ ቆየን፣ እንዲህ እንዲህ እያለ አራት ቀን መኪና ሥር ተኛን። የጅቡቲን ሙቀት ያላየ ሰው አራት ቀን ሲባል ቁጥር ብቻ ይመስለዋል። ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ እሱም ከነወበቁ። ውሃ ስንገዛ በፍራንክ ነው። ስለዚህ የለገሃሩ፣ ሐሳብህ ይመቸኛል። ግን ሁሉን ባቡር ከጫነው እኛስ ምን ልንበላ ነው?

ሒሳብ ወዳድ፦ ወንድሜ፣ ከሞጆ እስከ ወረዳ ያለውን ማን ሊጭነው ነው? ሐዲድ ገበሬ ደጅ አይደርስም። አጭር ጉዞ፣ ብዙ ምልልስ፣ አዳርህም አገር ውስጥ። ከጅቡቲ እስከዚህ የምታቃጥለው ናፍጣ ራሱ እኮ ባብዛኛው በጅቡቲ በኩል በቦቴ የገባ ነው። ናፍጣ ለማምጣት ናፍጣ እናቃጥላለን። ባቡሩ በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው።

ተሳቢ ነጂ፦ የአጭር ጉዞ ታሪፍ አጭር ነው። እሱን ሳትነግረኝ አትለፈኝ።

ትራንዚተሯ፦ ቆይ ቆይ። ኢትዮጵያ በሙሉ ሞጆ ናት እንዴ? ለአርሲ፣ ለባሌ፣ ለሸዋ፣ ለደቡብ ሞጆ ቢገባ አልከራከርም። ወሎና ጎጃም የሚሄደውስ? ዛሬ ከጅቡቲ በገላፊ ገብቶ፣ በሚሌ አድርጎ ኮምቦልቻ ይወጣል። እሱን ሞጆ ወስደህ፣ አራግፈህ፣ ሰፍተህ፣ እንደገና ጭነህ ወደ ሰሜን ልትመልሰው ነው? በየማራገፊያው የሚፈሰው፣ የሚቀደደው፣ "የጠፋው" (በጥቅስ ነው ያስቀመጥኩት፣ የገባው ገብቶታል) እጥፍ ይሆናል። ከአዋሽ ወደ ኮምቦልቻ የተዘረጋው ሐዲድ ሥራ ቢጀምር ሌላ ወሬ እናወራ ነበር።

ሁለተኛ፣ ዩሪያ ስኳር በሉት። እርጥበት ይስባል፣ ከዚያ ድንጋይ ይሆናል። ብትኑን በባቡር ለማምጣት ክዳን ያለው፣ ከሥር የሚከፈት ፉርጎ ያስፈልጋል። ሞጆ ላይም ዝናብ የማያስገባ ትልቅ መጋዘን ወይም ሳይሎ ይፈልጋል። ማዳበሪያ የሚገባበት ወር ደግሞ ክረምት የሚጀምርበት ነው። የእነዚህ ወጪ በማን ሒሳብ ነው? ወንዶች ስትባሉ ዕቃውን ትረሱና መንገዱን ትስላላችሁ።

የለገሃሩ፦ እህቴ፣ የሰሜኑ ነገር ላይ ረትተሽኛል፣ አልክድም። የሰሜኑ እንደ ድሮው በገላፊ ይግባ። የዩሪያው ግን ለኔ ነው የሚናገረው። ጅቡቲ እርጥበት የለም? እዚያም ክፍት ሜዳ ላይ ነው ሲሞላ የሚውለው።

የፒያሳ ልጅ፦ ኧረ ተዉን በናታችሁ። ችግሩ ከረጢት ሳይሆን የሰው ወደብ መሆኑ ነው። ከ90 በመቶ በላይ ዕቃችን በአንድ በር ነው የሚገባው። የራሳችን ወደብ ቢኖረን ይሄ ሁሉ ወሬ አይኖርም ነበር።

የአሰቡ ጋሼ፦ ልጄ፣ እኔ አሰብ ሠርቻለሁ። የራሳችን በነበረ ጊዜ። በ1977 ድርቅ እህል የጫነ መርከብ ባሕሩ ላይ ተደርድሮ ይጠብቅ ነበር። ሕዝቡ ወሎ ውስጥ እየረገፈ፣ ስንዴው አሰብ ተከምሮ። ወደቡ የኛ ነበር፣ ባንዲራውም የኛ። የጠፋው መኪና ነበር። ወደብ አያስፈልግም አላልኩም፤ እንዲያውም ስለ አሰብ ሳወራ ሆዴ ይባባል። ግን ወረፋን ባንዲራ አያባርረውም።

ከዚያ በኋላ 2008ን አስታውሱ። በኤልኒኖው ድርቅ ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሰው እርዳታ ፈላጊ ነበር። መንግሥትም ለጋሹም ስንዴ ገዛ። የማዳበሪያውም ወቅት በዚያው ደረሰ። ሁሉም አንድ ላይ ጅቡቲ መጣ፣ መርከቦቹ ሳምንታት ቆሙ። ስንዴው ይቅደም ማዳበሪያው የሚል ጭቅጭቅ ነበር። ለዛሬ የተራበ ወይስ ለከርሞ የሚዘራ? ይሄ ጥያቄ ወደብ ላይ ሊመለስ የማይገባው ነው።

በ2009 ዶራሌ ላይ አዲሱ ሁለገብ ወደብ ተከፈተ። ባቡሩም በ2010 መደበኛ ሥራ ጀመረ። መርከብ የሚያስጠጋ ቦታ በዛ። ታዲያ ተሳቢ ነጂው አራት ቀን ፀሐይ ላይ የተኛው ለምንድን ነው? ቦታ ጠፍቶ አይደለም። ከረጢቱ፣ ማሽኑና መኪናው በየራሳቸው ቀጠሮ ስለመጡ ነው። ቀጠሮው የሚሰጠው ደግሞ ጅቡቲ አይደለም። እናንተ ቡና የምትጠጡበት ሰፈር ነው። ጨረታው ሲዘገይ፣ ኤልሲው (ባንክ ለሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ባንክ ውስጥ ሲንከላወስ፣ አምስት መርከብ በአንድ ወር ይገዛና ይላካል። ጥር ላይ አንድ፣ የካቲት ላይ ሁለት እያለ ቢመጣ ሆፐሩም ይበቃል፣ መኪናውም ይበቃል። ወረፋው የሚጀምረው አዲስ አበባ ነው፣ ጅቡቲ ላይ ግን ይታያል።

ሒሳብ ወዳድ፦ ጋሼ፣ እስማማለሁ፣ ግን ቶሎ የተገዛ ማዳበሪያ መጋዘን ይተኛል። መጋዘን ውስጥ የተኛ ገንዘብ ወለድ አለው።

የአሰቡ ጋሼ፦ መርከብ ላይ ከሚተኛ መጋዘን ይተኛ። በ2015 ገበሬው ማዳበሪያ አጥቶ ባሕር ዳር ድረስ መጥቶ ሲጮህ የነበረው ወለዱን አስልቶ አልነበረም። ዝናቡ ገብቶበት ነው።

ትራንዚተሯ፦ እሱ ላይ ከጋሼ ጋር ነኝ። እኔ አንድ የወደብ መጋዘን ውስጥ ከረጢቱ ከጫፉ ተቀዶ፣ ሚዛኑ ሁለት ሁለት ኪሎ ጎድሎ ያየሁት ሁልጊዜ ጥድፊያ ሲሆን ነው። ሰው ሲቻኮል ስፌት ይዘላል። ረጋ ሲል ያው ማሽን፣ ያው ሠራተኛ፣ ጥሩ ይሠራል። ስለዚህ ተሐድሶ የምትሉት ከግዥው ይጀምር። ማን ምን መርከብ፣ በየትኛው ሳምንት እንደሚያመጣ አንድ ቦታ ይታወቅ። ስንዴ ገዢውም፣ ማዳበሪያ ገዢውም፣ ከሰል አስመጪውም። አሁን እያንዳንዱ የራሱን መርከብ ብቻ ነው የሚያየው።

የለገሃሩ፦ እሺ፣ ሐሳቤን ላሻሽለው። ግዥው ይበተን፣ ጭነቱም ይበተን (ስሙ ራሱ ብትን ነው)። ሞጆን ግን አልተውም። ለደቡቡና ለመሐሉ አንድ መርከብ፣ አንድ ብቻ፣ በብትኑ በባቡር ይሞከር። የጎደለው ኪሎ ይመዘን፣ የፈጀው ቀን ይቆጠር፣ ከወደብ ከተሰፋው ጋር ይነጻጸር። ካልሆነ አፌን እይዛለሁ።

ትራንዚተሯ፦ ሙከራው በበጋ ይሁን እንዳትሉ ብቻ። ግንቦት ላይ ካልሞከርከው ሙከራ አይደለም።

የለገሃሩ፦ ግንቦት ይሁን።

የፒያሳ ልጅ፦ እኔ አሁንም ወደብ ነው የምለው።

የአሰቡ ጋሼ፦ በል አንተ፣ ቅዳሜ ለገሃር ና። ቡናውን እኔ እከፍላለሁ፣ የአሰብን ነገር ቁጭ ብለን እናወራለን።

ተሳቢ ነጂ፦ ጋሼ፣ እኔም ቅዳሜ እገባለሁ፣ መንገዱ ከፈቀደ። አሁን ሚሌ ነኝ፣ 800 ከረጢት ጭኜ። ሰባቱ ፈተዋል፣ በሲባጎ አስሬያቸዋለሁ። የሚዛን ጉድለቱን ከኔ ሒሳብ ነው የሚቆርጡት። እሱንም ቅዳሜ አንሱልኝ።