የጉዳት መጠኑ ከ6.9 ወደ 34.3 ዘለለብኝ፣ ሪፖርቱ ነገ ጠዋት ነው፣ እርዱኝ!

ሂርማታ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ፣ በጣም ቸኩያለሁ። ጅማ ውስጥ ቡና መፈልፈያና ማበጠሪያ ነው የምሠራው። የደህንነት ክፍሉን የተረከብኩት በቅርቡ ነው። የሩብ ዓመቱን የጉዳት መጠን ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ለገዢያችን መላክ አለብኝ። ከሥራ ያስቀረ ጉዳት 3፣ ሠራተኛ 140፣ በሳምንት 48 ሰዓት፣ 13 ሳምንት። ሳሰላው 34.3 መጣ! ያለፈው ሪፖርት 6.9 ነው የሚለው፤ ያኔም ጉዳቱ 3፣ ሠራተኛውም ያው ነበር። ሥራ አስኪያጁ «34 ሰው መቼ ተጎዳ?» ብሎ ጮኸብኝ። ኤክሴሉ ምን ሆኖ ነው?

መርካቶ ማዶ
ዘግተሽ ክፈቺው። የእኔም አንዳንዴ እንዲህ ያደርገዋል።

ጋሽ ጅሬን
ልጄ፣ መጀመሪያ ቁጥሩ ለምን እንደሚፈለግ ይግባሽ። እ.ኤ.አ. በ2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የነዳጅ መቆፈሪያው ዲፕዋተር ሆራይዘን ፈንድቶ 11 ሰው ሞቷል። በዚያው ዕለት ኃላፊዎች መቆፈሪያው ላይ ነበሩ፤ ከሥራ ያስቀረ ጉዳት ሳይደርስ 7 ዓመት በመቆየቱ ሠራተኛውን ሊያመሰግኑ ነበር የሄዱት። ቁጥራቸው ንጹሕ ዜሮ ነበር እኮ! ጉዳት መቁጠር ያለፈውን ነው የሚነግርሽ። ነገ ምን እንደሚመጣ ለማወቅ ሌላም ነገር መቁጠር አለብሽ። ስንት አደጋ ለጥቂት ታለፈ? ስንቱ ተመዘገበ? የተነገረው ብልሽት በስንት ቀን ተጠገነ? የማሽኑ ቺንጋ መሸፈኛ ለቅባት ከወለቀ በኋላ ተመልሷል ወይስ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል? እሱን ሄደሽ በዓይንሽ እዪ።

መርካቶ ማዶ
ጋሼ፣ ልጅቷ እስከ ነገ 3 ሰዓት ነው ያላት 😄

አዌቱ
ኤክሴሉ ደህና ነው። የጉዳት መጠን ማለት ከላይ ጉዳቱ፣ ከታች የተሠራው ጠቅላላ ሰዓት ሆኖ ተካፍሎ በአንድ ቋሚ ቁጥር ሲባዛ ነው። አንቺ በ1,000,000 አባዝተሻል፣ ከአንቺ በፊት የነበረው በ200,000። 34.3ን ለ5 አካፍዪው፣ 6.9 ይመጣል። 200,000 አሜሪካኖቹ የሚጠቀሙበት ነው፤ 100 ሰው በሳምንት 40 ሰዓት ለ50 ሳምንት ሲሠራ ማለት ነው። ሚሊዮኑ የዓለም ሥራ ድርጅት ስሌት ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ መቀላቀል ብቻ ነው የማይቻለው። የገዢው ቅጽ የቱን እንደሚጠይቅ አረጋግጪና ያለፈውንም ሪፖርት በዚያው አስልተሽ ጎን ለጎን አስቀምጪ። ለሥራ አስኪያጁም ንገሪው፦ 34 የሰው ቁጥር አይደለም። በዚህ አያያዝ ሚሊዮን ሰዓት ብትሠሩ 34 ጉዳት ይደርሳል ማለት ነው።

ሂርማታ (ጠያቂ)
አዌቱ እግዜር ይስጥልኝ!! ለ5 ሳካፍለው ልክ መጣ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ከ3ቱ አንዱ ጫኝ ነው። ጆንያ ተሸክሞ መኪና ላይ ሲወጣ ጣውላው ከድቶት ወድቆ ወገቡን ተጎዳ። የቀን ሠራተኛ ስለሆነ 140ው ውስጥ የለም። ሥራ አስኪያጁ «የእኛ ሠራተኛ አይደለም፣ አውጪው» እያለ ነው። ላውጣው?

ፈረንጅ አራዳ
በ200,000 አባዢው፣ ይስተካከላል።

ቦሳ ኪቶ
እህቴ፣ እንዳታወጪው! ጆንያው የእናንተ፣ ጣውላው የእናንተ፣ የላከውም የእናንተ ተቆጣጣሪ። ታዲያ የማን ሠራተኛ ሊሆን ነው? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 አሠሪው በሥራ ላይ የሚደርስን ጉዳት መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ደግሞ የምትታገይው ቁጥሩን ለማሳነስ ከሆነ ጥያቄው ራሱ ተሳስቷል። 6.9 ብትጽፊም 34.3 ብትጽፊም የተጎዱት 3 ሰዎች ናቸው። ዜሮ የሚፈልግ አለቃ ያለበት ቤት ሰው እጁ ቢቆረጥ እንኳን ጨርቅ ጠቅልሎ ዝም ይላል። ያኔ ቁጥሩ ያምራል፣ ማሽኑ ግን ያው ነው።

አዌቱ
ቦሳ ኪቶ ልክ ነው። የስሌት ስህተቱም እዚሁ ላይ ነው። የጫኙን ጉዳት ከላይ ቆጥረሽ የጫኞቹን ሰዓት ከታች ካልደመርሽ መጠኑ ያለ አግባብ ይጨምራል። ጉዳቱን ከማውጣት ሰዓቱን አስገቢ። ለምሳሌ 60 የቀን ሠራተኛ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 6 ቀን ከሠሩ በ13 ሳምንት 37,440 ሰዓት ነው። ከቋሚዎቹ 87,360 ጋር 124,800 ይሆናል። 3 ጉዳት በሚሊዮን 24.0፣ በ200,000 ደግሞ 4.8 ነው። አየሽ? እውነቱን ስትጽፊ ቁጥሩም ወረደ። ግን ግምት አትጻፊ፤ የቀን ክፍያ መዝገቡን ከገንዘብ ያዥ ተቀበዪ። የትርፍ ሰዓቱ ይደመር፣ ፈቃድና ሕመም ላይ የነበሩት ሰዓት ይቀነስ። ቡና የሚለቅሙት ሴቶችም አይረሱ፤ በኪሎ ስለሚከፈላቸው ሰዓታቸውን ማንም አይጽፈውም፣ አቧራውን ግን ቀኑን ሙሉ እነሱ ናቸው የሚስቡት።

ጋሽ ጅሬን
የጠፋውንም ቀን ጻፊ። ጣቱን ተቆርጦ 2 ቀን የቀረና ወገቡን ታሞ ወር የተኛ እኩል «1» ተብለው ነው የሚቆጠሩት። የቀኑ ድምር ለብቻው ካልተቀመጠ የጫኙ ጉዳት ምን ያህል ከባድ እንደነበር ማንም አያውቅም።

ፈረንጅ አራዳ
አሁንስ ተስተካከለ? የትኛውን ላክሽ?

ቦሳ ኪቶ
ሂርማታ፣ ስትመለሺ ይህን ንገሪን፦ ጣውላው ተቀየረ? ካልተቀየረ ነገ ጭነት ሳይጀመር አስነሺው፤ ሪፖርቱ ከዚያ በኋላ ይላካል።